የሲያሲ የወሊድ ሻንጣ

ሲያሲ ለመውለድ ይዛው የምትሄደው ሻንጣ ሳምንቱን ሙሉ ሳሎኑ መሐል አፉን ከፍቶ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። የገባ ይዘለዋል፣ የወጣ ይዘለዋል። በእኛ መንደር በር አይንኳኳምና የሚገባው ሰው ብዙ ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ባዶ እጁን የገባ ሰው አላየሁም። ሁሉም አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ ሻንጣው ውስጥ ይከታል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል።

ሻንጣው የባሏ የአይፒሊ ነው። ለአደን ሲወጣ ከበረዶ ሞተሩ ኋላ በሚጎትተው ተንሸራታች ላይ የሚያስረው አረንጓዴ የሸራ ሻንጣ፤ ስንቴ ቢታጠብ ቤንዚን ቤንዚን ማለቱን አልተወም። አይፒሊ ኅዳር ላይ፣ የባሕሩ በረዶ ገና በደንብ ሳይጠነክር፣ በስሱ ላይ ወጥቶ ከነሞተሩ ሰመጠ። ሬሳው ተገኝቶ ተቀበረ። ሲያሲ ያን ጊዜ ሆዷ ገና ገፋ ማለት መጀመሩ ነበር። አሁን መጋቢት እያለቀ ነው፤ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባበት ጊዜ ሆነ።

መንደራችን ውስጥ ሰው አይወለድም። መሞት ይቻላል፣ ማግባት ይቻላል፣ መወለድ ግን በአውሮፕላን ነው። ክሊኒካችን ነርስ እንጂ ሐኪም ስለሌለው ነፍሰ ጡር ሁሉ ቀኗ ሲቃረብ ወደ ትልቁ ከተማ፣ ወደ ኢቃሉይት፣ ትበራለች፤ ሆስፒታሉ አጠገብ ባለው የእንግዶች ማረፊያ ሆና ምጧን ትጠብቃለች፤ ታቅፋ ትመለሳለች። ቆይታው ረጅም ነው። ረሳሁት ብሎ ወደ ቤት መሮጥ የለም። ስለዚህ እኛ ዘንድ የወሊድ ሻንጣ ማሸግ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ አሮጊት ሁሉ አስተያየት አላት።

የዚህኛው ሻንጣ ነገር የባሰበት ግን በአይፒሊ ስም ምክንያት ነው።

ሰው ሲሞት ስሙ ውጭ ይቀራል፤ ብርዱ ላይ። የሚገባበት ሕፃን እስኪመጣለት ይጠብቃል። ሕፃኑ ስሙን ሲቀበል ዝምድናውንም አብሮ ይቀበላል። በሟች እናቴ ስም የተጠራች አንዲት የጎረቤት ልጅ አለችን፤ ገና የፊት ጥርሶቿ እየወለቁ ነው፤ እኔ “እማዬ” ነው የምላት፤ ቤቴ ስትመጣ ወንበሬን እለቅላታለሁ፤ እሷም ሳታመነታ ትቀመጥበታለች። ወንድ ሆነ ሴት ለውጥ የለውም፤ ስም ጾታ የለውም። እና የአይፒሊ ስም ከኅዳር ጀምሮ ውጭ ነበር። እናቱም፣ ጓደኞቹም፣ መንደሩም በሙሉ ወደ ሲያሲ ሆድ እያየ ይጠብቅ ነበር። ስሙ እንዲሰጥ ደግሞ ከምትወልደው ሴት አፍ መውጣት አለበት።

ሲያሲ አልፈለገችም። ለምን እንዳልፈለገች ያን ጊዜ ለራሷም አልገባትም። አልፈልግም ብላ ለማንም አልተናገረችም፤ እፈልጋለሁም አላለችም። የሚጠይቃትን ሁሉ “እሺ” ትላለች። ሻይ ልቅዳልሽ? እሺ። እግርሽን ከፍ አድርጊ። እሺ። ያን ሁሉ ወር የሰማኋት ትልቁ ቃል እሺ ነው። ፊቷም ቢሆን እንደ ተዘጋ ሱቅ ነበር፤ መብራቱ በርቷል፣ ውስጥ ሰው የለም።

የባሏ እናትና የቤቱ ባለቤት እማማ ኡሉታ ግን ለራሳቸውም ለእሷም ያወራሉ። አጭር፣ ክብ ሴትዮ ናቸው፤ ሲቀመጡም ሲቆሙም ቁመታቸው አንድ ነው። ልጃቸው ሲሞት አልቅሰው ጨረሱና ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ከምራታቸው ሆድ ላይ አላነሱም። አዲስ አማውቲ ሰፍተውላታል፤ ልጅ ጀርባ ላይ የሚታዘልበት ሰፊ ቆብ ያለው ካፖርት፣ ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ። ሲሰፉም ከሆዱ ጋር ያወራሉ። “ልጄ፣ ቆቡ ይበቃሃል? ጭንቅላትህ ድሮም ትልቅ ነበር፤ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ያወጣሁት እኔ።”

የመጀመሪያውን ዕቃ ይዞ የመጣው ጃይኮ ነው። የአይፒሊ የአደን ጓደኛ ነበር፤ አፉ እንደ ቁራ አያርፍም። ከካፖርቱ ኪስ አንድ ሞረድ አውጥቶ ሻንጣው ውስጥ ወረወረ።

“ሞረድ ምን ሊያደርግለት ነው?” አሉ እማማ ኡሉታ።

“ቢላዋ ይስልበታላ። ያ ሰውዬ በዶለዶመ ቢላዋ ሥጋ አይበላም፤ ያውቁት የለም እንዴ?”

“ገና ጥርስ እንኳ የለውም።”

“ድሮስ ስንት ነበረው?”

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እውነቱን ነው፤ የአይፒሊ የፊት ጥርሶች በሆኪ ጨዋታ ነው የሄዱት። ጃይኮ ሳቁ ሞቅ ሲያደርገው ወደ ሲያሲ ዞረ። “አንቺ እኮ ዕድለኛ ነሽ። ሌላዋ ሴት ባሏን የምታገኘው ሌላ ሰው አበላሽቶ ካሳደገው በኋላ ነው። አንቺ ግን ባልሽን ራስሽ ታሳድጊዋለሽ። ዕቃ ማጠብ ከአሁኑ አስለምጂው።”

“በእኔ ፊት አበላሽቶ አሳደገው ትላለህ?” አሉ እማማ ኡሉታ።

“እርስዎን አላልኩም፣ እማማ። በጠቅላላው ማለቴ ነው።”

“እሺ” አለች ሲያሲ፤ ማንም ምንም ያልጠየቃት ቢሆንም።

ከዚያ በኋላማ መንገዱ ተከፈተ። የሱቁ ገንዘብ ተቀባይ አይፒሊ የሚወደውን ሰርዲን በቆርቆሮ አመጣች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የመጫወቻ ካርታ አመጣ፤ “ካሸነፈኝ ጀምሮ ብድሬን አልመለስኩም” ብሎ። አንዱ የዓሣ መንጠቆ፣ አንዱ የበረዶ ነጸብራቅ መከላከያ መነጽር፣ አንዷ የደረቀ የአጋዘን ሥጋ በላስቲክ። አዛውንቱ ኢኖኪ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ደወል የሚደውሉት፣ አቆስጣ የሚባለው የባሕር አውሬ የሚታደንበትን የጦር ጫፍ ከእንስሳ ጥርስ ቀርጸው አመጡ፤ እንደ መርፌ የሾለ ነው። እማማ ኡሉታ የሻይ ኩባያውን ጨመሩ፤ ውስጡ በሻይ ጠቁሯል፤ ሲታጠብ አይወድም ነበርና አላጠቡትም። እኔ ጎረቤቷ የጨመርኩትን አልናገርም፤ ከነዚህ የተሻለ አልነበረም።

ቤቱ ውስጥ ደስታ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ከኅዳር ወዲህ በዚያ ሳሎን እንደዚያ አልተሳቀም። ሰው ዕቃውን ሲከት ስለ አይፒሊ አንድ ነገር ሳያወራ አይሄድም፤ ድንኳኑን ነፋስ ወስዶበት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከኋላው የሮጠበትን፣ በገዛ ሰርጉ እንቅልፍ የወሰደውን። ሲያሲ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ሁሉም ሲወጣ በመጨረሻ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ የሚላት አንድ ዓይነት ነው። “አይዞሽ፣ ባልሽ እየመጣ ነው።”

“እሺ።”

ሻንጣው ውስጥ አንድም ቀን ዓይኗን አልጣለችም። የሌሊት ልብሷንና የጥርስ ብሩሿን በጎን ኪሱ ከተተች፤ የራሷ ድርሻ በዚያ አበቃ። የሕፃኑን ነገር እማማ ኡሉታ ከሥር አስቀምጠውታል ብላ አሰበች። እማማ ኡሉታ ደግሞ የሕፃኑን ነገር እናቱ ከሥር አስቀምጣዋለች ብለው አሰቡ።

ነርሷ፣ አብሯት የሚሄድ ሰው ማን እንደሆነ ስትጠይቃት፣ ሲያሲ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ሳትል ቀረች። “ማንም አይሄድም” አለች። እማማ ኡሉታ ከፋቸው፤ ግን አልተከራከሩም።

በሄደችበት ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በአየር ማረፊያችን ያለው ሚዛን ላይ ሻንጣውን ሲጥሉት ሠራተኛው መርፌውን አይቶ፣ “ሕፃን ልትወልጂ ነው ወይስ ሞተር ልታስጠግኚ?” አላት። እማማ ኡሉታ የአማውቲዋን ጠርዝ አስተካከሉላትና ሁለት እጃቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ።

“ልጄ፣ እዚያ ሰው አገር አትቆይ” አሉ ለሆዱ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ሲያሲ ፊት አዩ። “ስሙን ትሰጪኛለሽ?”

እሺ ማለት የለመደ አፍ ነው። ያን ጊዜ ግን አልወጣም። “በመጀመሪያ ይወለድ፣ እማማ” አለችና አውሮፕላኑ ወዳለበት ሄደች። እማማ ኡሉታ መስኮቱ ጋር ቆመው አውሮፕላኑ ነጥብ እስኪሆን አዩ። ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ለእሳቸው ይህ ከማልቀስ ይበልጣል።

ማረፊያው ውስጥ ሲያሲን ያስገቧት ናፓቺ ከምትባል ሴት ጋር ነው። ናፓቺ ከሌላ ደሴት የመጣች፣ አራተኛ ልጇን የምትጠብቅ፣ እግሯ ያበጠ፣ ነገር የማትውጥ ሴት ናት። ሲያሲ ስትገባ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ቴሌቪዥን እያየች ነበር። ሲያሲ ሻንጣውን አልጋው ላይ አወጣችና ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተችው።

ሰርዲኑን አወጣች። ካርታውን አወጣች። ሞረዱን፣ መንጠቆውን፣ መነጽሩን አወጣች። ኩባያውን አወጣችና ውስጡን አይታ መልሳ አስቀመጠችው። የደረቀውን ሥጋ፣ የጦሩን ጫፍ፣ አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ የትልቅ ሰው፣ ተረከዙ የተጣፈ። እጇን እስከ ታች ሰደደች። የሻንጣው ወለል ላይ የነበረው አንድ የቤንዚን ማጥለያ ጨርቅ ብቻ ነው።

አንድ ዳይፐር የለም። አንድ ኮፍያ የለም። ሕፃን የሚጠቀለልበት ቁራጭ ብርድ ልብስ እንኳ የለም።

ናፓቺ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ቀነሰችና በክርኗ ተደግፋ ዕቃውን በሙሉ ተመለከተች።

“እህቴ፣” አለች፣ “የምትወልጂው ሰው ፂም አለው?”

ሲያሲ ካልሲውን አጥፋ አስቀመጠችው።

“ካለው ምላጭ ረስተዋል።”

የሲያሲ ሳቅ መጣ። ሳቅ ማለቱ ይከብዳል፤ በአፍንጫዋ አየር ወጣ፣ ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ፣ ያ ነው። ለናፓቺ ግን በቂ ነበር፤ እሷማ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ “አታስቂኝ፣ አሁን እዚሁ እወልዳለሁ” እያለች፣ ያሳቀቻት ራሷ ሆና ሳለ። ስትጨርስ ዓይኗን ጠርጋ ጠየቀች።

“ማን ነው?”

“ባሌ ነው። አይፒሊ።”

“መቼ?”

“ኅዳር።”

ናፓቺ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋትም፤ የእሷም አገር እንደኛው ነው። “እና አትፈልጊም” አለች።

“ማን ነገረሽ?”

“ዕቃውን እያወጣሽ አየሁሽ። የቀረጥ ሠራተኛ ነበር የምትመስዪው።”

ሲያሲ አልጋዋ ጠርዝ ላይ፣ ከኩባያውና ከካልሲው አጠገብ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ወር ያልመጣው ቃል በማታውቃት ሴት ፊት መጣ። እንደዚህ አለቻት፤ ኋላ ራሷ ነው የነገረችኝ።

“ሁሉም የሚያገኘው ነገር አለ። እማማ ልጃቸውን ያገኛሉ። ጃይኮ ጓደኛውን ያገኛል። ለእነሱ ያን ቀን ለቅሶው ያልቃል። እኔ የማገኘው ሕፃን ነው፤ ሕፃን ባል አይሆንም። እነሱ ግን ባልሽ መጣ ይሉኛል። ከዚያ ወዲያ ባሏ የሞተባት ሴት አይደለሁም። ላልቅስ ብል፣ ምን ያስለቅስሻል፣ ይኸው እቅፍሽ ውስጥ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ገና አላለቀስኩም።”

“ለምን?”

“አልመጣም።”

“ምንም?”

“ምንም። ሲቀበርም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ጓንቴ የት ጠፋ እያልኩ አስብ ነበር።”

ብርድ የበላው ጉንጭ እኮ አያምም። ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ ባለቤቱ ደህና ነኝ ይላል፤ ሰው ነው አይቶ “ጉንጭህ” የሚለው። ሲያሲን እኛ አይተን ጉንጭሽ አላልናትም፤ በሞረድና በሰርዲን ተጠምደን ነበር።

ናፓቺ ከትራሷ ሥር ብስኩት አውጥታ ሰጠቻት። “እኔ የሴት አያቴን ስም ነው የያዝኩት” አለች። “ወንድ አያቴ እስኪሞት ድረስ ‘ሚስቴ’ ነበር የሚለኝ። ካልሲዬን አልጣፍሽም ብሎ ይቆጣኝ ነበር። አራት ዓመቴ ነበር።”

“ያለቅስ ነበር?”

“አላውቅም። አራት ዓመቴ ነበር አልኩሽ እኮ።”

“ሌላ አገባ?”

“ሁለቴ። እኔን ሳያስፈቅድ።” ናፓቺ ብስኩቷን አላመጠች። “ምን ልምከርሽ? አላውቅም። ስሙን ከከለከልሻቸው አሮጊቷ ይሞታሉ። ከሰጠሻቸው አንቺ እንደዚሁ ደርቀሽ ትቀሪያለሽ። አሁን የማውቀው አንድ ነገር፣ ልጁ ማንም ይሁን ማን ይሸናል። ተነሺ፣ ሱቅ እንሂድ።”

ሄዱ። ናፓቺ በአበጠ እግሯ እያነከሰች፣ ሲያሲ አማውቲዋን ለብሳ። ዳይፐር ገዙ፣ የውስጥ ልብስ ገዙ፣ ጆሮ ያለው ኮፍያ ገዙ፤ የጥንቸል ጆሮ ነው፤ ሲያሲ አልመረጠችውም፣ ናፓቺ ነች ቅርጫቱ ውስጥ የጣለችው። “አዳኝ ነው ብለሻል፤ ጥንቸል ይልበስና ይቅመሰው።” ሲያሲ ከፈለች፤ ገንዘብ ተቀባይዋ “ደስ ይበልሽ” ስትላት “እሺ” አለቻት።

ናፓቺ ቀድማ ወልዳ ሄደች። ሲያሲ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቀረች፤ ሰርዲኑን አንድ በአንድ በላችው። እማማ ኡሉታ በየቀኑ ይደውላሉ። “ልጄ ምን እያደረገ ነው?” ይላሉ። “እየተራገጠ ነው” ትላለች። ስለ ስሙ ዳግመኛ አልጠየቋትም። ቢጠይቋት ይሻላት ነበር፤ አለመጠየቃቸው ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ይሰማታል።

ምጡ ጠዋት መጣ። ሰውነቷ ሥራውን ሠራ፤ እሷ ግን፣ እንደነገረችኝ፣ የሌላ ሰው ምጥ የምትጠብቅ ይመስል ከጥግ ሆና ታይ ነበር። አዋላጇ ግፊ ስትላት ገፋች፣ ተይ ስትላት ተወች። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች። ጥቁር ፀጉር፣ ቀይ ፊት፣ ትልቅ ጭንቅላት። ደረቷ ላይ ሲያስቀምጧት ሲያሲ ተመለከተቻት። መልኳ ውስጥ አይፒሊን ፈለገች፤ አላገኘችውም። ሌላ ሰውም አላገኘችም። አንዲት የተናደደች ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ራሷን ብቻ የመሰለች።

ስልክ ሲሰጧት እማማ ኡሉታ በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስልኩን ጮክ አድርገው ነበር።

“ወለድኩ። ደህና ነን። ሴት ናት።”

እማማ ኡሉታ ወደ ስልኩ ተጠጉ። ሴት መሆኗ አይደለም ያስጨነቃቸው፤ የሚቀጥለውን ቃል ነው የሚጠብቁት። ሕፃኗ በስልኩ ውስጥ እንደ ድመት ጮኸች።

“እማማ፣ ስሙን እሰጥዎታለሁ” አለች ሲያሲ። “ግን ስሙኝ። እርስዎ ልጄ በሏት። ጃይኮም ጓዴ ይበላት። እኔ ግን ልጄ ነው የምላት። አዲስ ልጄ። ባልሽ መጣ የሚለኝ ሰው አልፈልግም። አንድም ሰው። የሚለኝ ካለ እዚሁ እቀራለሁ።”

ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ከሲያሲ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እማማ ኡሉታ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ ማንቆርቆሪያው አየሁ። ስም ከነዝምድናው ነው የሚሄደው፤ ግማሹን ቆርጦ መስጠት አልተለመደም። የጉዳዩን ሕግ የሚያውቅ ሰው ካለ እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ከእሳቸው በላይ ሽማግሌ የለም።

“ሁለታችንም ልጄ ካልናት፣” አሉ በመጨረሻ፣ “የማንን ጥሪ ትሰማለች?”

“ጡት ያለውን።”

“እንግዲያው እኔ ተሸነፍኩ።” ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። “እሺ፣ ሲያሲ።”

ስልኩ ተዘጋ። እማማ ኡሉታ ጠረጴዛው ላይ እንደተደገፉ ቀሩ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ በረዶው ወዳለበት፣ “ግባ በቃ” አሉ ቀስ ብለው። ያን ጊዜ እኔም ዓይኔ አልቻለም። ሲያሲ ግን እዚያ፣ በሌላው ጫፍ፣ እሺ ያሉት ገብቷቸው ይሁን ለስሙ ጉጉት ብለው አላወቀችም። መንደሩን ደግሞ ታውቀዋለች። አፉን ማን ይይዘዋል?

የተመለሰችበት ቀን አየር ማረፊያው ጢም ብሎ ነበር። እኛ ዘንድ አዲስ ሰው ሲመጣ እጁ ይጨበጣል፤ ሕፃን ቢሆንም፣ በተለይ ሕፃን ሲሆን። ሲያሲ በሩን አልፋ ስትገባ ሰዉ ግድግዳውን ይዞ ተሰልፏል። ከአማውቲው ቆብ ውስጥ ሁለት የጥንቸል ጆሮ ይታያል። እማማ ኡሉታ የመጀመሪያዋ ናቸው። ያቺን የጣት ያህል እጅ በሁለት ጣታቸው ያዙና፣ “ልጄ፣ አረፈድክ” አሏት። ሌላ ምንም ማለት አልቻሉም፤ ወደ ጎን ሄዱ።

ጃይኮ ቀጠለ። “አንተ ሰውዬ፣” አላት፣ “ቀሚስ ያምርብሃል። የበረዶ ሞተር ዕዳህን ግን አልረሳሁም።” ሰልፉ ሳቀ። ሲያሲን ቀና ብሎ አያት፤ አፉ ሊከፈት ሲል ዓይኑ ወደ እማማ ኡሉታ ሄደ፣ ተመለሰ፣ “እንኳን ደህና መጣሽ” ብቻ ብሎ አለፈ። ጃይኮ ቀልድ ሲውጥ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ጉሮሮው ላይ ሲወርድ ይታያል። ሲያሲም አየች። ገንዘብ ተቀባይዋ ጨበጠች፣ ዘበኛው ጨበጠ፣ እኔ ጨበጥኩ። አንድም ሰው ያችን ቃል አላለም።

መጨረሻ ላይ አዛውንቱ ኢኖኪ መጡ። ጆሯቸው ከብዷል፤ እማማ ኡሉታ መንደሩን ያስጠነቀቁትን ሰምተው ይሁን አይሁን አላውቅም። የሕፃኗን እጅ ረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ ፊታቸው በርቶ ወደ ሲያሲ ዞሩ። “ይኸው፣ ልጄ፣ ባልሽ—”

“ኢኖኪ፣” አሉ እማማ ኡሉታ ከኋላ፣ “አፍህን ግጠም፤ ጥርስህን ብርድ ያገኘዋል።”

“ምን አልኩ?”

“ምንም አላልክ። እንዳታልም ነው።”

ቤቱ ድግስ ሆነ። ወለሉ ላይ ካርቶን ተነጥፎ ጥሬ ዓሣና የቀዘቀዘ አጋዘን ቀረበ፤ ሕፃኗ ከእጅ ወደ እጅ ትሄዳለች፣ በየእጁ ሌላ ዘመድ ትሆናለች። ሲያሲ ጥግ ላይ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር። ሳላያት ጠፋች። ወደ መኝታ ቤት ገብታለች። እማማ ኡሉታ ግን አይተዋታል፤ ከተቀመጡበት ተነሥተው ሄዱ፤ ሻይ ልጨምርላት ብዬ ከኋላቸው ስደርስ በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ፤ ከውስጥ በኩል ወለሉ ላይ ቁጭ ሲሉና ጀርባቸውን በሩ ላይ ሲያስደግፉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ሲያሲ ናት።

አልጋው ላይ፣ እሷና አይፒሊ በሚተኙበት አልጋ፣ በእሷ በኩል ተቀምጣ ነበር። እማማ ኡሉታ በሩን በጀርባቸው ይዘው ከታች ሆነው ያይዋታል።

“በእኔ ቤት ሁሉም የፈለገውን አገኘ” አሏት። “ልጅቷን ጃይኮ ይዟታል፤ አይጥላትም። አንቺ አልቅሺ። በሩን እኔ ይዤዋለሁ፤ ማንም አይገባም።”

ሲያሲ ሞከረች። አፏን ከፍታ ጠበቀች። ከሳሎን የጃይኮ ሳቅ ይሰማል፤ አንድ ሰው መሬት ላይ የወደቀ ማንኪያ ያነሣል።

“አይመጣም፣ እማማ።”

“ይቆይ። እኔ ሥራ የለኝም።”

ብዙ ተቀመጡ። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን አልተለወጠም፤ በዚህ ወቅት ቶሎ አይመሽም። የእማማ ኡሉታ ጉልበት ሲንቋቋ ይሰማል፤ ግን አልተነሡም።

“አይፒሊ ሞተ” አለች ሲያሲ።

ከበሩ ማዶ ሰዎች ያንኑ ስም እየጠሩ ሕፃን ያጫውታሉ። እማማ ኡሉታ ወደዚያ አልዞሩም። ራሳቸውን በእንጨቱ ላይ አሳረፉ።

“አዎ፣ ልጄ” አሉ። “ባልሽ ሞቷል።”